ሪቴይነሩስ የት ገባ?

ሪቴይነርን፣ ማለትም ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ከወጣ በኋላ የሚደረገውን የጥርስ ማቆያ፣ ለማጥፋት ከቡና ሰዓት የተሻለ አጋጣሚ የለም። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ይዞራል። ልጅቷ ሪቴይነሯን ታወጣለች። ምራቅ የነካውን ነገር ሰው ፊት ይዞ መቀመጥ ስለሚያሳፍር በሶፍት ጠቅልላ ከስኒዋ አጠገብ ታኖረዋለች። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ላይ ጨዋታው ይደራል። ከዚያ አንዱ ደግ ሰው ይነሳና ሶፍቱን፣ የፈንዲሻውን ፍርፋሪና የረገፈውን ቄጤማ አንድ ላይ ጠርጎ ያወጣዋል። ማታ «ሪቴይነሩስ የት ገባ?» ሲባል ቆሻሻው ገንዳ ደርሷል።

ብሬስ ጥርስን ይጎትታል፤ ሪቴይነር የተጎተተውን ባለበት ያቆያል። ሰው የሚጨነቀውም ገንዘብ የሚቆጥበውም ለመጀመሪያው፣ ለብሬሱ ነው። ሽቦውን ጥርስ ላይ የሚይዙት ብራኬቶች ተነቅለው፣ ሙጫው ተፍቆ፣ ምላስ በለሰለሰው ጥርስ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት ደስታው ልዩ ነው። ሐኪሙ በዚያች ሰዓት ስለ ሪቴይነር የሚናገረው በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጥፋቱን በታካሚው ላይ ብቻ አልደፈድፍም። ሁለት ዓመት የፈጀ ሥራ ሲያልቅ የማቆያው ምክር በአምስት ደቂቃ ከተነገረ፣ ሰሚው ነገሩን እንደ ትርፍ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ጥርሱ ግን ወደ ኋላ መመለስ የሚጀምረው ሽቦው በወጣ በቀናት ውስጥ ነው።

ለምን እንደሚመለስ የገባው ሰው ሪቴይነሩን ሳይለምኑት ያደርጋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር አልተመታም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል የሚሊሜትር ሩብ የምታህል ክፍተት አለች፤ በእሷ ውስጥ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስሩ እጅግ ቀጫጭን ጅማቶች ተወጥረዋል። ብሬሱ ጥርሱን ሲገፋ በአንድ በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በሌላው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ጅማቶቹም ይለጠጣሉ። ሽቦው ሲወጣ አዲሱ አጥንት ገና አልጠነከረም፣ ጅማቶቹም ቦታቸውን አላመቻቹም። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ራሳቸውን ለማደስ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጅባቸዋል። ድድ ውስጥ ያሉት ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋሉ። በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት እንደ ላስቲክ የሚሳቡት ክሮች ደግሞ ዓመት ቢሞላቸውም መጎተታቸውን ላይተዉ ይችላሉ።

በከተማችን በጅማ አጥር ያጠረ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። በክረምት የተተከለ ቋሚ ቀጥ ብሎ ቢቆምም አፈሩ ገና ጭቃ ነው። በድጋፍ ካልያዙት ነፋስ ሳይመጣ በራሱ ክብደት ያጋድላል። ሪቴይነር ማለት ያ ድጋፍ ነው።

ሁሉም ጥርስ እኩል አይመለስም። ዞሮ የነበረና በብሬስ የተመለሰ ጥርስ ከሁሉም ይብሳል፤ የድዱ ላስቲክ ክሮች አብረውት ተጠምዝዘዋልና መልሰው ሊያዞሩት ይታገላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ አንዳንድ ሐኪሞች በማደንዘዣ በጥርሱ ዙሪያ ያሉትን ክሮች በቀጭኑ ይቆርጣሉ። አጭር ሥራ ነው፣ ድዱም ቶሎ ይድናል። ሌላው ፍንጭት ነው። በአገራችን ፍንጭት ውበት ነው፣ ሰው ለምን እንደሚያስዘጋው አንዳንዴ ይገርመኛል። ቢሆንም ያስዘጋ ሰው እንዲያውቀው፦ የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው የሥጋ ክር ወፍራም ሆኖ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ከወረደ፣ ክፍተቱ እንደገና የመከፈት ዝንባሌው ከፍተኛ ነው። ያንን ክር ማስቀነስና ከጥርሱ ጀርባ ቋሚ ሽቦ ማስለጠፍ የሚመከረው ለዚህ ነው።

«ዓመቱ ካለፈ በኋላስ ልተወው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ ምክንያት ነው። የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች ብሬስ ያደረገም ያላደረገም ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይጨናነቃሉ። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ ጥርስ ተነቅሎላቸው ብሬስ ያደረጉ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት ሪቴይነር ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ ከሦስቱ የሁለቱ ያህል የታች የፊት ጥርሳቸው ተበላሽቶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ 20 ዓመት የሞላቸውን አይተው፣ አሰላለፉ አጥጋቢ ሆኖ የቆየላቸው ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የጥበብ ጥርስ (ከሁሉም በኋላ የሚበቅለው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ) ገፍቶብኝ ነው የሚለው የተለመደ ምክንያትም በጥናት አልተደገፈም። የጥበብ ጥርስ ያልበቀለላቸውም ሰዎች የፊት ጥርሳቸው ይጨናነቃል። እሱን ለመንቀል ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ የፊቱን ጥርስ ቀጥ አድርጎ ለማቆየት ብሎ መንቀል ግን ከንቱ ስቃይ ነው።

ስለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጋችሁ ድረስ።

ሪቴይነር ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፕላስቲኩ ነው፤ ከጥርሱ በተወሰደ የጀሶ ቅርጽ ላይ ተሞቆ የሚጣበቅ፣ ውፍረቱ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጥርሱን እንደ ጓንት የሚለብስ። ጆን ሸሪዳን የተባለ አሜሪካዊ ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አሰላለፍ ሐኪም) እ.ኤ.አ. በ1993 ካስተዋወቀው ወዲህ ተስፋፍቷል። አይታይም፣ ለመሥራትም ፈጣን ነው። ከተሰነጠቀ ግን አይጠገንም። ጥርስ የሚያፋጭ ሰው በወራት ውስጥ ሊበሳው ይችላል፤ ሌላው ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ቢጠቀምበት ደግ ነው።

ሁለተኛው ቻርልስ ሃውሊ የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 ያስተዋወቀው፣ ከላንቃ ወይም ከምላስ በታች የሚቀመጥ የአክሪሊክ (የጠንካራ ፕላስቲክ) ሳህን ነው። ከፊት ጥርስ ላይ የሚያልፍ ሽቦ፣ ከኋላ መንጋጋ ጥርስን የሚይዙ መንጠቆዎች አሉት። ያስቀይማል ይሉታል፤ ለእኔ ግን ከሕክምና ማዕከል ርቆ ለሚኖር ሰው የተሻለው ይህ ነው። ሽቦው ሲላላ በፕላየር ይጠብቃል፣ አክሪሊኩ ሲሰበር ይለጠፋል፣ በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። መጀመሪያ ላይ ንግግር ያኮላትፋል፤ ሰ፣ ዘ እና ጸ ከሁሉም ያስቸግራሉ። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ምላስን ወደ ላንቃ የሚያስቀለብሰው «ዸ» ነው የሚያዳልጠው። ቀን ቀን አስር ደቂቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ በሳምንት ውስጥ ምላስን ያስለምደዋል።

ሦስተኛው ቋሚው ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር የማይርቅ የተገመደ ቀጭን ሽቦ፣ ከአንዱ ክራንቻ እስከ ሌላው ክራንቻ በስድስቱ የፊት ጥርሶች ጀርባ በሙሌት ማቴሪያል ይለጠፋል። ለታችኛው ጥርስ እጅግ ጥሩ ነው። ለላይኛው ግን የታችኛው ጥርስ ሲነከስ ሽቦውን የሚነካው ከሆነ ሙጫው ቶሎ ቶሎ ይለቃል። ቋሚ መባሉ ብዙ ሰው ያታልላል፤ ተለጥፏልና አይነካም ብሎ ይረሳዋል። ከስድስቱ ነጥቦች አንዷ ስትለቅ አያምም፣ ድምፅም የለውም። ሽቦው በሌሎቹ ይያዛል፣ ያቺ ጥርስ ግን ባለቤት አልባ ሆና በሳምንታት ውስጥ ወጣ ትላለች። ከዚህ የሚብሰው ሽቦው ሳይለቅ ከተጣመመ ነው። የተጣመመ ሽቦ ራሱ እንደ ብሬስ ይሠራል፤ ተጣብቆ እያለ ጥርሱን ወደማይፈለግበት ያዞረዋል። እንዲህ ከሆነ ማስጠበቅ አይረዳም፣ መነሳት አለበት።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን እቤት ፈትሹ። እጅን ታጥቦ የጥርሱን ጀርባ በሶፍት ማድረቅ፤ ከዚያ በጥፍር ጫፍ ሽቦውን በእያንዳንዱ ጥርስ አጠገብ ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ አድርጎ መግፋት። የሚነቃነቅ ካለ ሙጫው ለቋል። የመኳኳያ ትንሽ መስታወት አፍ ውስጥ አስገብታችሁ በስልክ መብራት ፎቶ ብታነሱ ደግሞ ከወር ወር ማነጻጸር ይቻላል። ዓይን የማያየውን ፎቶ ያስታውሳል። ለቆ ከተገኘ አትጎትቱት፣ በጥርስም አትቁረጡት። መልሶ ማስለጠፍ የግድ ብሬሱን የሠራው ሐኪም እጅ አይፈልግም፤ ጥርስ የሚሞላ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ይሠራዋል። ጅማ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዋ የጥርስ ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ናት። እስኪለጠፍ ድረስ ፕላስቲክ ሪቴይነር ያለው ሰው ከላይ ደርቦ ማታ ማታ ማድረግ ይችላል።

የቋሚው ሽቦ ትልቁ ጠላት ታርታር፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረው ድንጋይ ነው። የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱት ልክ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ስለሆነ፣ ድንጋዩ የሚጋገረው እዚያው ነው። መፋቂያ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ልብ ይበል። መፋቂያ ለጥርስ ፊት ለፊት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጀርባውን በጎን እየሳቡ ሲፍቁበት ግን ጫፉ ሽቦው ሥር ይገባና ያነሳዋል። ለጀርባው ለስላሳ ብሩሽ ወደ ድዱ ጋደል አድርጎ ማሸት፣ በሽቦው ሥር ደግሞ ቀጭን የጥርስ መሃል ብሩሽ ወይም ጫፉ የጠጠረ የጥርስ ክር አሳልፎ በየጥርሱ ጎን ከላይ ወደ ታች መሳብ ነው። ስድስት ጥርስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። በየ6 ወሩ ደግሞ በባለሙያ ማስጸዳት።

ቆሎ፣ የጠጠረ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ በፊት ጥርስ የሚገነጠል ጥሬ ሥጋ የሙጫውን ነጥብ ያስለቅቃሉ። ቆሎ አትብሉ ማለት ጅማ ላይ ጆሮ የሚያገኝ ምክር አይደለም። በኋላ ጥርስ ቆርጥሙት፣ ይበቃል። በጥርስ የለስላሳ ክዳን የሚከፍት ሰው ግን ሪቴይነርም ምክርም አያድነውም።

ወደሚወልቁት እንመለስ። ስንት ሰዓት ይደረግ በሚለው ሐኪሞች ይለያያሉ። ብዙዎች የመጀመሪያዎቹን ከ3 እስከ 6 ወራት ከምግብና ከጥርስ መቦረሽ በቀር ቀንና ሌሊት፣ ማለትም ከ20 እስከ 22 ሰዓት ያዝዛሉ። ፕላስቲኩን ከመጀመሪያው ማታ ማታ ብቻ የሚያዝዙም አሉ፤ ይህም የሚደግፈው ጥናት አለው። የራሳችሁን ሐኪም ትእዛዝ ያዙ። የቀንና የሌሊት ከታዘዘ ሂሳቡን እንሥራው፦ ሦስት ጊዜ ምግብ በግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ጠዋትና ከሰዓት ቡና በአንድ አንድ ሰዓት፣ ሁለት። ድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ የቀረው 20 ሰዓት ተኩል ነውና ቡና የሚያስከለክል ምንም ነገር የለም። ሂሳቡን የሚያፈርሰው ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው 16 ሰዓት ይቀረዋል። በዚያ ላይ ከጫቱ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር በጥርስ ላይ እንዳለ ፕላስቲኩ ሲደረብበት፣ ምራቅ የማያጥበው ስኳር ጥርሱ ላይ ታሽጎ ያድራል። የጥርስ መበስበስ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ቢያንስ በውሃ ደጋግሞ ተጉመጥምጦ፣ ቅጠሉን ከየጥርሱ መሃል አውጥቶ፣ ከተቻለም ቦርሾ መልበስ።

ሪቴይነሩን እንዳደረጉ ቡና መጠጣትስ? አይሆንም። ትኩስ ቡና ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ስኳሩንም ያሽጋል። ከበረካው በኋላ አንድ ጉንጭ ውሃ ተጉመጥምጦ መመለስ በቂ ነው።

በረመዳን ነገሩ ይገለበጣል። ማታ ብቻ የሚያደርግ ሰው ከኢፍጣር እስከ ሱሁር እየበላ እየጠጣ ሌሊቱ ይቆራረጥበታል። ከሱሁር በኋላ በደንብ ቦርሾ ለብሶ ስምንት ሰዓት ያህል ማቆየት ያንኑ ጊዜ ይሰጠዋል።

አወላለቁ ላይ ብዙ ሪቴይነር ይሰበራል። ፕላስቲኩን ከአንድ ጎን በጥፍር መንጠቅ ያሰነጥቀዋል፤ በሁለት እጅ ጣቶች ከኋላ ከመንጋጋ ጥርሶች፣ ከውስጥ በኩል፣ በአንድ ጊዜ ማላቀቅ ነው። የሃውሊውን የፊት ሽቦ ይዞ መሳብ ክልክል ነው፤ መንጠቆዎቹን ግፉ። ሲያጠልቁም በጣት ገፍቶ ነው፣ ነክሶ አይደለም። በምላስ እያወጡ እያስገቡ መጫወት የልጆች ልማድ ነው፤ መንጠቆውን ያላላዋል።

ለማጠቢያ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ። የፔርሙዝ ውሃ በፍጹም! ንጽሕና ፈልጎ የፈላ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ጥርሱን የማይለብስ የተኮማተረ ፕላስቲክ ነው የሚያገኘው፤ መመለሻም የለውም። ጠዋት ሲወልቅ በለስላሳ ብሩሽና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አሽቶ ማጠብ። የጥርስ ሳሙና ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም ሽታ ይይዛል። ነጭ ነጠብጣብ ከጋገረበት ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፎ መቦረሽ፣ በደንብም ማለቅለቅ፤ ይህን በሳምንት አንዴ። በረኪና ሽቦውን ይበላል፣ ፕላስቲኩንም ያበላሻል፤ አይሞከርም።

ማስቀመጫው ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይሁን፤ በጅማ እርጥበት ዝግ ዕቃ ውስጥ የታሸገ ሪቴይነር መሽተቱ አይቀርም። ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና፣ ከምድጃና ከከሰል አጠገብ ይራቅ። ከውሻም ይራቅ፤ ቀልድ አይደለም፣ የምራቅ ሽታው ይስበዋልና አግኝቶ ያኝከዋል። ቡና ወደሚጠራበት ቤት ሲኬድ ሳጥኗ ቦርሳ ውስጥ ትግባ። ለልጅ ደግሞ «አድርገሃል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ሳጥኑን ከጥርስ ብሩሹ ጋር አንድ ኩባያ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ጠዋት ሪቴይነሩ ሳጥኑ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ መልሱ ተገኝቷል።

ጥቂት ቀን ተዘንግቶ ሲመለሱበት ቢጠብቅ፣ ጥርሱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ከገባና ጥብቀቱ ብቻ ከተሰማ ከ3 እስከ 5 ቀን ቀንና ሌሊት አድርጉት፤ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ካልገባ፣ ወይም በጥርሱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ክፍተት ከታየ፣ ነክሳችሁ አታስገቡት። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። የሚሊሜትር ስህተት በአዲስ ሪቴይነር ይያዛል፤ ሦስት ሚሊሜትር ሲሆን ግን ወደ ብሬስ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ጅማ ላይ ሌላ ክብደት የሚይዘው በርቀቱ ነው። ብሬሱን አዲስ አበባ ያሠራ ሰው ሪቴይነሩ ሲጠፋ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ፈቃድ እስኪያገኝ፣ ፈተና እስኪያልቅ፣ ደመወዝ እስኪወጣ ሲል ወር ያልፋል፤ ጥርስ ደግሞ ደመወዝ አይጠብቅም። ስለዚህ ብሬሱ የሚወጣበት ቀን ከወንበሩ ሳትነሱ አራት ነገር ጠይቁ። ሁለተኛ ቅጂ ሪቴይነር። የሰዓቱ መርሐ ግብር በወረቀት ተጽፎ። የጥርሱ ፎቶ ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ከላይና ከታች። ከሁሉም በላይ የጀሶው ቅርጽ፤ በስካነር የተነሳ ከሆነ ፋይሉ። ቅርጹ በእጅ ካለ፣ ጥርሱ እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ፣ ፕላስቲክ የሚያሞቅ መሣሪያ ያለው ማንኛውም ክሊኒክ አዲስ ሪቴይነር ያወጣበታል። ሁለተኛውን ቅጂ እየቀያየራችሁ አትልበሱት፤ ንጹሕ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በየሦስት ወሩ አንድ ሌሊት ሞክሩት፣ አሁንም ልክ መሆኑን ለማወቅ።

ጀሶው ተሰባሪ ነው። በተለይ የፊት ጥርሶቹ ጫፍ በትንሽ ግጭት ይረግፋል፤ ጫፉ በረገፈ ቅርጽ ላይ የተሠራ ሪቴይነር ደግሞ ጥርስ ላይ አይገባም። የላዩንና የታቹን ለየብቻ በፎጣ ጠቅልላችሁ ወደ ጅማ ስትመለሱ ጭናችሁ ላይ ያዙት፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት። እቤት ስትደርሱ ስምና ቀኑን በእርሳስ ከሥሩ ጽፋችሁ፣ ውሃ ከማይነካው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።